እንስሳት የሚናገሩበት ፊልም ሁሉ የልጆች ፊልም ነውን?

በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሲከበር፣ የሴሚስተር ፈተና አልቆ ውጤት እስኪሰጥ ድረስ ተማሪዎች ሲጠብቁ፣ ወይም የሚኒ ሚዲያ ክበብ ለታችኛው ክፍል ልጆች መዝናኛ ሲያዘጋጅ ፊልም የማሳየት ልማድ አለ። ፊልሙን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር ወይም የክበቡ ሰብሳቢ የሆነ የ10ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ምርጫው ረጅም ጊዜ አይወስድም። በፍላሹ ላይ ካሉት ፊልሞች መካከል ሰዎች የሚሠሩበት ሁሉ «ምን እንዳለበት አይታወቅም» ተብሎ ይተዋል። ጥንቸል፣ አጋዘን፣ ዓሣ ወይም አንበሳ በካርቱን የተሣለበት ግን ያለ አንዳች ጥያቄ ይመረጣል። ከዚያም መብራቱ ይጠፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከ5 ዓመት ሕፃን እስከ 18 ዓመት ወጣት በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ያያል።

ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አያስቸግርም። በእኛ ዘንድ እንስሳትን የማናገር ሥራ የተረት ነው። ጅብና አህያ፣ ዝንጀሮና ቀበሮ ሲነጋገሩ ሳይሰማ ያደገ የለም። ሆኖም ተረቶቻችንን ልብ ብሎ ለመረመረ ሰው ሞት፣ ክህደትና ረኀብ ሞልተውባቸዋል። አህያዋ በጅብ ትበላለች፤ ደካማው በብርቱው ይታለላል። ተረቱ ለልጅ የሚስማማው እንስሳ ስላለበት ሳይሆን ተራኪ ስላለው ነው። አያት እሳት ዳር ተቀምጣ ስትተርት የልጁን ፊት ታያለች። ዓይኑ ከፈጠጠ ጅቡን ታሳንሰዋለች፤ ካዛጋ ታሳጥርለታለች፤ እጁን ወደ ቀሚሷ ከሰደደ ትይዝለታለች። ስትጀምር «ተረት ተረት» ብላ ታስመልሰዋለች፤ ስትጨርስም «ተረቴን መልሱ» ትላለች፤ ልጁም ከተረቱ ዓለም ወጥቶ ወደ ቤቱ መመለሱን በዚያ ያውቃል። ፊልም ግን የተመልካቹን ፊት አያይም። ለአራት ዓመት ሕፃንም ለአርባ ዓመት ጎልማሳም በአንድ ፍጥነትና በአንድ ድምፅ ያልፋል።

ስለዚህ አንድ የካርቱን ፊልም ለልጆች ይስማማል ወይስ አይስማማም ብሎ የሚፈርድ ሰው «ምን ተሣለበት?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም። የሚያስፈልገው ጥያቄ አስደንጋጩ ነገር ሲመጣ ልጁ ምን ያያል፣ ምን ይሰማል፣ ከዚያስ በኋላ ማን አብሮት ይቆያል የሚለው ነው። ፊልሙ ራሱ የሚያጽናናው ከሌለው፣ አጠገቡም ተራኪ የሚሆን ሰው ከሌለ፣ ጥንቸሉ ምንም ያህል ቢያምር ፊልሙ የእሱ አይደለም።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነው «ዋተርሺፕ ዳውን» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ነው። ታሪኩን የደረሰው ሪቻርድ አዳምስ ነው። አዳምስ ስለ ጥንቸሎቹ በመጀመሪያ የተረተው በመኪና ሲጓዙ ለሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ነበር። ኋላም ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ አሳተመው። ማርቲን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1978 በካርቱን ፊልም አወጣው። ታሪኩ መኖሪያቸው ሊጠፋ መሆኑን አንድ ትንሽ ጥንቸል በራእይ አይቶ ሲናገር፣ ጥቂት ጥንቸሎች አምነውት አዲስ አገር ፍለጋ ስለ መሰደዳቸው ነው። በፊልሙ ላይ መስኩ በደም ሲሸፈን ይታያል። ጉድጓዳቸው በሰዎች ሲደፈን ጥንቸሎቹ ትንፋሽ አጥረው እርስ በርስ ሲጨናነቁ ይታያል። ከመካከላቸው አንዱ በሽቦ ወጥመድ አንገቱን ተይዞ ከአፉ ደም እየወጣ ሲንፈራገጥ ይታያል። በመጨረሻም ውሻ ገብቶ ይፈጃቸዋል።

የብሪታንያ የፊልም መርማሪ ቦርድ ይህን ፊልም አይቶ የሰጠው ምልክት «ዩ» ነበር፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው በማንኛውም ዕድሜ ሊያየው ይችላል ማለት ነው። መርማሪዎቹ በጊዜው የሰጡት ምክንያት ሥዕል መሆኑ የደሙን አሰቃቂነት ያቀልለዋል፣ ልጆች ፊልሙን እያዩ ቢያዝኑም ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚያስጨንቃቸው አይሆንም የሚል ነበር። አሜሪካኖች ግን ያንኑ ፊልም «ፒ.ጂ.» ብለው ወላጅ አስቀድሞ ያስብበት አሉ። እንግሊዝ አገር ውስጥ በፊልሙ ላይ የሚቀርበው አቤቱታ ለዓመታት አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ ባሳየው ጊዜ ብዙ ወላጆች ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቦርዱ ምልክቱን ከ«ዩ» ወደ «ፒ.ጂ.» ለወጠው። ከፊልሙ መውጣት እስከዚህ ለውጥ 44 ዓመት አልፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሽፋኑ ላይ ጥንቸል አይቶ፣ ምልክቱን አምኖ ለልጁ የከፈተ ወላጅ ስንት ይሆን?

በበኩሌ ፊልሙን መጥፎ ነው ለማለት አልደፍርም። ስለ መሪነት፣ ስለ ስደት፣ አምባገነን በሚገዛው ሰፈር ስለ መኖር የሚያነሣው ነገር ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ውይይት የሚበቃ ነው። መኪና ውስጥ ሲተረት ተስማምቶ የነበረው ታሪክ አዳራሽ ውስጥ ያልተስማማበትን ምክንያት ግን ልብ ማለት ይገባል። መኪናው ውስጥ አባት ነበር።

በየአገሩ የሚሰጡት ምልክቶች ጠቃሚ ቢሆኑም የሚነግሩን በጣም ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የሚቆጥሩት የደሙን መጠን፣ የስድቡን ብዛት፣ የራቁትነቱን ነገር ነው። ኀዘን አይቆጠርም። የካናዳና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት 45 ታዋቂ የልጆች ካርቱን ፊልሞችን ለአዋቂዎች ከተሠሩ 90 ድራማዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። በልጆቹ ፊልሞች ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ወይም የቅርብ ሰው የመሞቱ ዕድል ከአዋቂዎቹ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል በልጦ ተገኘ። የባለታሪኩ ወላጅማ የመሞት ዕድሉ በአምስት እጥፍ ይበልጣል። አባትና እናት መግደል ለፊልም ደራሲ ቀላል መንገድ ነው፤ ልጁ ብቻውን ካልቀረ ጀብዱ አይጀመርምና። ተመልካቹ ሕፃን ግን ይህን የደራሲ ብልሃት አያውቅም።

«ባምቢ» የተባለውን እንመልከት። የዋልት ዲዝኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው፣ 70 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። ደም አይታይበትም። የአጋዘኗ ሞት እንኳ አይታይም። በክረምቱ በረዶ መካከል አዲስ ሣር አግኝተው እናትና ግልገል ሲግጡ እናቲቱ ቀና ትላለች፤ ሩጥ ትለዋለች፤ ጥይት ይጮኻል። ባምቢ ጫካው ውስጥ ገብቶ ዞር ሲል የለችም። በረዶው እየወረደ «እናቴ!» እያለ ይፈልጋታል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ሠልጣኞቼ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አሳያቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን አስጨፍኜ ድምፁን ብቻ። ድምፅ ሲጠፋ የሚታየው በረዶና የሚሮጥ ግልገል ነው፤ ማንም አይደነግጥም። ዓይን ጨፍኖ የሰማ ግን ሙዚቃው ከጥይቱ በፊት ደረቱን ሲጫነው ያስታውቃል። ፊልም መራጮች ሥዕሉን ብቻ ይመረምራሉ፤ ሕፃኑን ቀድሞ የሚደርሰው ድምፁ ነው። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ከሆነማ የባሰ ነው።

በዚሁ ክፍል ሌላም ነገር አለ። ትልቁ አጋዘን መጥቶ እናትህ ከእንግዲህ ካንተ ጋር ልትሆን አትችልም ይለዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከዚያ ወዲያው ጸደይ ይሆንና ወፎች ይዘምራሉ። እንግዲህ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያችን ዓረፍተ ነገር አይሰማትም። ጥይቱን ሰምቷል፣ ልቅሶውን አይቷል፣ ማብራሪያው ግን አልደረሰውም፤ እናቲቱ ተመልሳ ትመጣለች ብሎ ፊልሙ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ልጅ አለ። የውጭ ቋንቋ ፊልም ለልጆቻችን ሲታይ የሚቀርበት ቀልዱ ብቻ አይደለም። አስፈሪው ነገር በሥዕልና በሙዚቃ ስለሚመጣ ትርጉም አያሻውም፤ ማጽናኛው ግን ብዙውን ጊዜ በቃል ነው። ስለዚህ ሎንዶን ላለ የስድስት ዓመት ልጅ የሚስማማ ፊልም ደሴ ወይም ጅማ ላለው እኩያው በዚያው ልክ ይስማማል ማለት አይቻልም። አጠገቡ ተቀምጦ በጆሮው የሚተረጉምለት ሰው ካለ ነገሩ ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «አንበሳው ንጉሥ» ከሁሉ በላይ በየትምህርት ቤቱ የሚታይ ይመስለኛል። ወደ እኛም የሚቀርብ ነው፤ ሠዓሊዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ኬንያ መጥተው የሔልስ ጌትን ገደሎች አይተዋል፤ ሲምባ በስዋሂሊ አንበሳ፣ ራፊኪም ወዳጅ ማለት ነው። በአሜሪካ የተሰጠው ምልክት «ጂ» ሲሆን ለሁሉ ይሆናል ማለት ነው። በ«ባምቢ» የተደበቀው ሞት እዚህ በግልጽ ይታያል። አባትየው ከገደል ላይ በወንድሙ እጅ ተወርውሮ በሚሮጠው መንጋ መካከል ይወድቃል፤ ግልገሉ ሬሳውን ያነቃንቃል፣ ጆሮውን ይስባል፣ በመጨረሻም በእጁ ሥር ገብቶ ይተኛል። በጣም የሚከብደው ግን ይህ አይደለም። አጎትየው መጥቶ አባትህ የሞተው ባንተ ጥፋት ነው ይለዋል።

ይህን ቃል በክፍላችን ካሉት ልጆች አንጻር እንመዝነው። በጦርነት፣ በበሽታ ወይም በመኪና አደጋ አባቱን ወይም እናቱን ያጣ ልጅ የሌለበት ክፍል ጥቂት ነው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ክፉ ነገር ሲደርስ እኔ ስላጠፋሁ ነው ብለው ማሰባቸው የታወቀ ነው። «ባልረብሽ ኖሮ አባቴ አይሄድም ነበር» የሚል የሰባት ዓመት ልጅ ያንን ቃል ከአንበሳው አፍ ሲሰማ ምን ይሰማዋል? እርግጥ ፊልሙ ለዚህ መልስ አለው። በመጨረሻው ላይ አጎትየው ገዳዩ እሱ መሆኑን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ግልገሉም ነፃ መሆኑን ያውቃል። በደንብ የታሰበ ፊልም ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ 88 ደቂቃ ነው፤ የእኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ። አባትየው የሚሞተው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ጥቂት አለፍ ካለ በኋላ ነው። ደወል ሲደወል «የቀረውን ሳምንት እናያለን» ተብሎ ከተዘጋ፣ ያ ልጅ ጥፋተኛነቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግሥቱ መብራት ከጠፋ ወይም ፕሮጀክተሩ ለስብሰባ ከተወሰደ መልሱን ጭራሽ ላያገኝ ነው። ሙሉውን በአንድ ተቀምጦ ለማሳየት ጊዜ ከሌለ አለመጀመር ይሻላል።

ዕድሜን በተመለከተ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጆአን ካንተር ልጆች ፊልም አይተው ስለሚፈሩት ነገር ለረጅም ዘመን አጥንተዋል። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በታች ያሉትን የሚያስፈራቸው በአመዛኙ የነገሩ መልክ ነው፤ ጥርስ፣ ቀይ ዓይን፣ ድንገት የሚለወጥ ፊት። «የውሸት ነው» ብንላቸው ብዙም አይጠቅማቸውም፤ ውሸት መሆኑን እያወቁም የሚያዩት ያስፈራቸዋል። እነርሱን የሚያረጋጋው ማቀፍ፣ እጅ መያዝ፣ የሚጠጣ ውሃ መስጠት ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ የሚፈሩት በእኔም ላይ ሊደርስ ይችላል የሚሉትን ነው። ለእነርሱ ቃል ይጠቅማል፤ ማስረዳትና መወያየት። እንግዲህ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱንም ሰብስቦ አንድ ፊልም ማሳየት አንድ መጠን መድኃኒት ለሁሉ እንደ ማደል ነው።

ለሕፃናት የማይስማማ ሌላም አለ። በጆርጅ ኦርዌል መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ እንግሊዝ አገር በሃላስና ባችለር ስቱዲዮ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው «አኒማል ፋርም» ከእነዚህ አንዱ ነው። አሳማና ፈረስ አይቶ ለኬ.ጂ. ልጆች የሚያሳየው ሰው የታመነው ፈረስ ለእርድ ሲጫን ብቻ ያስለቅሳቸዋል፤ ሌላው አይገባቸውም። ገንዘቡን በስውር የሰጠው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት እንደ ነበረና የፊልሙ መጨረሻም ከመጽሐፉ የተለየ እንደ ሆነ በኋላ ታውቋል። በመጽሐፉ እንስሳቱ በመስኮት ቆመው ያያሉ እንጂ አያምፁም፤ በፊልሙ ግን በአሳማዎቹ ላይ ይነሣሉ። ለ12ኛ ክፍል የታሪክ ወይም የሥነ ዜጋ ትምህርት ሁለቱን ማነጻጸር ግሩም ሥራ ነው።

የባዮሎጂ መምህራን ደግሞ ሌላ የሚሉት ይኖራል። በ«አንበሳው ንጉሥ» ጅቦች ሰነፍ፣ ቂልና የአንበሳ ትራፊ ለቃሚዎች ሆነው ተሥለዋል። ሃንስ ክሩክ የተባሉት ተመራማሪ በታንዛኒያ በሰረንጌቲና በንጎሮንጎሮ በ1960ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ ዥጉርጉር ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚበላ፣ በንጎሮንጎሮም ብዙ ጊዜ ጅብ የገደለውን የሚቀማው አንበሳ መሆኑን አሳይተዋል። ሐረር ላይ ጅብ በእጁ ሥጋ የሚያጎርስ ሰው ያየ ልጅ ይህን ለመቀበል ብዙም አይቸገርም። ካርቱን የእንስሳ ትምህርት እንዲሆን ማንም አይጠብቅም፤ ግን ተማሪው ጅብን ከፊልም ብቻ እንዳያውቀው ከፊልሙ ማግሥት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው ጥቅሙ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» እናትየው ገና በመጀመሪያው በትልቅ ዓሣ ከተበላች በኋላ አባት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። በእውነተኛው ባሕር የዚህ ዓይነት ዓሣ እንስቷ ስትሞት አውራው ወንድ ራሱ ወደ እንስትነት ይለወጣል። ደራሲዎቹ ይህን መተዋቸው ይገባኛል!

ሥራውን በተግባር ማዋል የሚፈልግ መምህር ወይም የክበብ ሰብሳቢ ፊልሙን ከሁለት ቀን በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይየው። እየዘለሉ ማየት አይጠቅምም፤ ችግሩ ያለው በተዘለለው ላይ ነውና። ብዕርና ወረቀት ይዞ አስደንጋጩ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ከዚያም ፊልሙ ለማጽናናት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ይመዝግብ። እያየም በአሳቡ አንድ የሚያውቀውን የተወሰነ ልጅ አጠገቡ ያስቀምጥ። «ሕፃናት» የሚባል አንድ ሰው የለም፤ ባለፈው ዓመት እናቷ የሞተችባት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ግን አለች። ለእሷ አስተማሪዋ ወይም አሳዳጊዋ አስቀድሞ ቢነገራቸው፣ እሷም ከፈለገች ውጭ እንድትጫወት ቢፈቀድላት፣ ይህ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አዳራሹ ጨርሶ አይጨልም፤ በሩም አይቆለፍ። ትንንሾቹ በየአምስቱ ወይም በየስድስቱ መካከል አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ። ከኋላ የተቀመጡ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ትንሽ ልጅ ሲያለቅስ ይሥቃሉ፤ ይህን አስቀድሞ መከልከል ያስፈልጋል። ሣቁ ልጁን የሚያስተምረው እንዲደበቅ ብቻ ነው።

ፊልሙ እንዳለቀ ወዲያው መበተን ጥሩ አይደለም። ለሩብ ሰዓት ያህል ያዩትን እንዲሥሉ ወረቀት ቢሰጣቸው ያልተናገሩት በሥዕላቸው ይወጣል። የእናቲቱን አጋዘን ደጋግሞ የሣለ ልጅ ካለ መምህሩ አጠገቡ ይቀመጥ።

ለእናንተም፣ ማታ ማታ ታናናሾቻችሁን በስልክ ካርቱን ከፍታችሁ አስቀምጣችሁ የቤት ሥራችሁን ለምትሠሩ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሹ ወንድማችሁ ድንገት ዝም ካለና ስልኩን ወደ ፊቱ ካስጠጋ ወይም ወደ እናንተ ከተጠጋ አቁማችሁ እዩለት። «እናቱ የት ሄደች?» ብሎ ከጠየቀም «ተኝታ ነው» ወይም «ሩቅ አገር ሄዳ ነው» አትበሉት፤ እናንተም ስትተኙ፣ እናታችሁም ገበያ ስትሄድ መፍራት ይጀምራልና። «ሞተች፤ ግልገሉንም አባቱ ወሰደው፤ አሁን አብረው ናቸው» በሉት። ቀጥሎ «የኛስ እናት?» ማለቱ አይቀርም፤ ወጥ ቤት ከሆነች ይዛችሁት ሂዱና ያያት።